ርሆቮት ውስጥ የሚጎበኝ ነገር አለ ወይ?

እኅትዎን ለመጠየቅ ወደ እስራኤሏ ከተማ ርሆቮት እንደሚመጡ ገልጸው፣ ሰው ሁሉ ኢየሩሳሌምን ብቻ እንደሚያነሣብዎ፣ ከተማይቱ ራሷ የሚታይ ነገር እንዳላትና የመሠረቷትም ከፖላንድ የመጡ አይሁድ መሆናቸው እውነት እንደሆነ ጠይቀዋል። እዚሁ ስለምኖርና ከአገር ቤት የሚመጡ እንግዶችን የማዞር ዕጣ ብዙ ጊዜ ስለሚደርሰኝ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

የሰሙት በመሠረቱ ትክክል ነው። ርሆቮት በፈረንጆች 1890 ስትቆረቆር በዋርሶ የተቋቋመ ማኅበር ገንዘብ ነበረበት፤ ዋርሶ ግን ያን ጊዜ በሩሲያ ዛር ግዛት ሥር ነበረች። መሬቱን ተደራድሮ የገዛላቸው ዬሆሹዓ ሃንኪን ሲሆን፣ ስሟን ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26፣ ከይስሐቅ የውኃ ጉድጓድ ወሰዱት። እንደ ሪሾን ለጺዮን ያሉት ቀደምት ሠፈሮች ውኃ ሲያጡና ገንዘብ ሲያልቅባቸው ፈረንሳዊውን ባለጸጋ ባሮን ኤድሞንድ ዴ ሮትሽልድን ተማጥነው በሹማምንቱ ትእዛዝ ሥር ሲወድቁ፣ የርሆቮት ሰዎች ከመነሻው ያለ እሱ ሞግዚትነት ለመኖር ቆርጠው ነበር። ወይን ተከሉ፤ በኋላ ፊታቸውን ወደ ብርቱካን መለሱ። በ1904 የተተከለው የሚንኮቭ የብርቱካን እርሻ ዛሬ ሙዚየም ሲሆን፣ የድሮውን ጉድጓድና ውኃው ወደ ዛፎቹ ይፈስበት የነበረውን ቦይ ያዩበታል።

ጊዜዎ አጭር ከሆነ ግን የአያሎን ኢንስቲትዩትን ያስቀድሙ። ከ1945 እስከ 1948፣ እንግሊዞች አገሩን ይገዙ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ኪቡጽ (አይሁድ በጋራ እየሠሩ የሚኖሩበት መንደር) ሥር ስምንት ሜትር ያህል ተቆፍሮ የጥይት ፋብሪካ በድብቅ ይሠራ ነበር። አንደኛው መግቢያ በልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ሌላው በዳቦ ቤቱ ግዙፍ ምድጃ ሥር ነበር፤ የማጠቢያው ድምፅ የታችኛውን ጩኸት ይሸፍናል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማያዩት ሠራተኞች ፊታቸው ገርጥቶ እንዳያሳጣቸው በልዩ መብራት ቆዳቸውን ያጠቁሩ ነበር። አስጎብኚዎቹ እንደሚያወሩት፣ ጎራ ለሚሉ የእንግሊዝ ወታደሮች ሞቃት ቢራ እየቀረበ «አስቀድማችሁ ብትነግሩን እናቀዘቅዝላችሁ ነበር» ይባሉ ነበር፤ ከዚያ በኋላማ ማን ሳይናገር ይመጣል! ለስቴን ጠመንጃ የሚሆን ከ2 ሚሊዮን በላይ ጥይት ከዚያ ወጥቷል። ጉብኝቱ በአስጎብኚ ስለሆነ ቀድመው ይመዝገቡ፤ በደረጃ ስለሚወረድም ጉልበትዎን የሚያምዎ ከሆነ ይጠይቁ።

የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ከባቡር ጣቢያው በእግር የሚደረስ ነው። የኬሚስትሪ ሊቁና የመጀመሪያው የእስራኤል ፕሬዚዳንት ኻይም ቫይዝማን ይኖርበት የነበረው ቤት፣ በኤሪክ ሜንደልሶን ንድፍ በ1930ዎቹ የተሠራ፣ እዚያው ግቢ ይገኛል፤ መቃብሩም በአጠገቡ ነው። ለሳይንስ ግድ የሌላቸው እንግዶቼ እንኳ የግቢውን ዛፎች ወደዋቸዋል።

ኪርያት ሞሼን እኅትዎ ሳያሳዩዎ አይቀሩም፤ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት ሰፈር ነው። አማርኛ እየሰሙ ይውላሉ፤ እንጀራና በርበሬም አያጡም።

ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ አውቶቡስም ባቡርም ስለማይኖር ጉብኝቱን ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ጊዜ ያድርጉት፤ አያሎንን ጠዋት፣ የቫይዝማንን ግቢ ከሰዓት በኋላ ቢያደርጉት በአንድ ቀን ይበቃዎታል።