ስፔክትሮውን ተዪው፣ ደህና ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። 1.6 ሞላር ነው ተብሎ የመጣልሽን የቫናዲየም ባትሪ ኤሌክትሮላይት በተጣራ ውኃ አስር እጥፍ አቅጥነሽ በስፔክትሮው (ፈሳሽ ስንት ብርሃን እንደሚውጥ በሚለካው ማሽን) 765 ናኖሜትር ላይ ስታነቢ የካሊብሬሽን መስመሩ (መጠናቸው ከታወቀ ፈሳሾች የምትሠሪው ማነጻጸሪያ) ከላይ ይጎብጥብሻል። ውጤቱ አንዴ 1.4 አንዴ 1.8 ይላል። ቻርጅ ካደረግሽው በኋላ ደግሞ የፖዘቲቩ ታንክ ፈሳሽ አረንጓዴ ሆነና «ቪ ስሪ ከየት መጣ? ወይስ ስፔክትሮው ተበላሽቷል?» አልሽ። (ከቪ ቱ እስከ ቪ ፋይቭ የምንላቸው የቫናዲየም የኦክሳይድ ደረጃዎች ናቸው፣ ከ+2 እስከ +5።) እኔ ሱሉልታ ባለች ትንሽ ላብ ይሄንን ፈሳሽ ስለካ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ያልሽው ሁሉ በተራ በተራ ደርሶብኛል። እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማሽኑን ነበር።

ሒሳቡን እንየው። ሰማያዊው ቪ ፎር ከ760 እስከ 765 ባለው ጫፉ ላይ ሞላር አብዞርፕቲቪቲው (1 ሞላሩ በ1 ሴንቲሜትር የሚውጠው የብርሃን ልክ) 17 ገደማ ነው። 1.6 አስር እጥፍ ሲቀጥን 0.16 ይሆናል፤ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (የናሙና ብልቃጥ) አብዞርባንሱ (የተዋጠው ብርሃን ልክ) 2.7 መጣ ማለት ነው። 2.7 ላይ ከገባው ብርሃን የሚያልፈው 0.2 በመቶ ብቻ ነው። ማሽኑ ውስጥ ግማሽ በመቶ የባዘነ ብርሃን ካለ ያው 2.7 እንደ 2.2 ሆኖ ይነበባል። መስመርሽን ያጎበጠው ይሄ ነው። ሃምሳ እጥፍ አቅጥኚው፤ 0.55 አካባቢ ትገቢያለሽ፣ መስመሩም ቀጥ ይላል። በነገራችን ላይ ለዚህ ሥራ የኳርትዝ ኩቬት ግዢ ቢሉሽ እሺ አትበይ። 765 ላይ ተራው የመስታወት ኩቬት ይበቃል።

የምታቀጥኚውም በውኃ አይሁን። እኔ 3 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ነው የምጠቀመው፤ ብላንኩም (ቫናዲየም የሌለው ዜሮ ማድረጊያ) ስታንዳርዱም (መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ) በዚያው አሲድ ይሠራል። አሲዱ ሲቀንስ ቫናዲየሙ የሚይዘው ቅርጽ ይለወጣል፤ ስታንዳርድሽና ናሙናሽ በተለያየ አሲድ ውስጥ ካሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እያወዳደርሽ ነው። አሲዱን ስታዘጋጂ አሲዱ ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ እንዳይገባ፤ ታውቂዋለሽ፣ ግን አንድ ቀን ተቻኩሎ የሚረሳ ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ 1.4 እና 1.8 ልምጣ። ኤሌክትሮላይቱን በፒፔት ስትስቢ ልብ ብለሽ እዪው። እንደ ውኃ አይወርድም። ለቀቅሽው ብለሽ ፒፔቱን ስታነሺ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሽፋን ቀርቶ ቀስ እያለ ወደ ጫፉ ሲንሸራተት ታያለሽ። ያ የቀረው 0.03 ሚሊሊትር ከሆነ በ1 ሚሊሊትር ላይ 3 በመቶ ጠፋ። ቸኩለሽ ከሳብሽ ደግሞ አየር ይገባና ከዚያም ይብሳል። እኔ በመጨረሻ ፒፔቱን ትቼ ወደ ሚዛን ሄድኩ። ባዶውን የ50 ሚሊሊትር ፍላስክ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ዜሮ አደርገውና በጠብታ 1.35 ግራም አካባቢ እጨምራለሁ፤ ትክክለኛውን ቁጥር እጽፍና በአሲድ እስከ ምልክቱ እሞላለሁ። የዚህ ፈሳሽ እፍግታ 1.35 ገደማ ስለሆነ ያ 1 ሚሊሊትር ነው። የራስሽን እፍግታ ግን 25 ሚሊሊትር ፍላስክ ሞልተሽ መዝኚና አውጪው፤ የእኔን ቁጥር አትውሰጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስቱም እርስ በርስ የሚቀራረቡ ሆኑ።

ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከፍ ብሎ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የስታንዳርዱን ጠርሙስ እዪ። ቫናዲል ሰልፌት ውኃ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስንት ውኃ እንደያዘ ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ላይ አይጻፍም፣ በኤክስ ያልፉታል። ሦስት ውኃ ብለሽ በ217 አስልተሽ፣ ዱቄቱ በእውነት አምስት ውኃ ይዞ 253 ከሆነ፣ ስታንዳርድሽ ካሰብሽው 14 በመቶ ቀጥኗል፤ ናሙናሽ ሁሉ 17 በመቶ ገደማ ወፍሮ ይታይሻል። እኔ አንድ ሙሉ ወር የሠራሁትን ዳታ በዚህ ምክንያት ደግሜ አስልቻለሁ። መፍትሔው ስታንዳርዱን በፖታሺየም ፐርማንጋኔት ቲትሬት ማድረግ፣ ማለትም ቀለሙ እስኪለወጥ በጠብታ እየጨመሩ መጠኑን ማስላት ነው። አንድ ፐርማንጋኔት አምስት ቪ ፎርን ወደ ቪ ፋይቭ ይለውጣል። ወደ መጨረሻው ሪአክሽኑ ስለሚዘገይ ፈሳሹን 70 ዲግሪ አካባቢ አሙቂው፤ አለዚያ ሮዙ ቀለም ቀድሞ ታየኝ ብለሽ ታቆሚያለሽ።

አረንጓዴው? ቪ ስሪ አይደለም። ከፖዘቲቩ ታንክ የቀዳሽው ከሆነ ጠጅ የመሰለው ቢጫ ቪ ፋይቭ ከሰማያዊው ቪ ፎር ጋር ተደባልቆ ነው። ሳይቀጥን ደግሞ ከሚገባው በላይ ይጠቁራል፤ ሁለቱ ተጣምረው ከየራሳቸው በላይ ብርሃን የሚውጥ ነገር ይሠራሉ። ይሄ በ1982 በጥናት የታተመ የቆየ ነገር ነው። ያልቀጠነውን በቀጭን ኩቬት ልለካ የሚል ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሃምሳ እጥፍ ሲቀጥን ግን ጥምረቱ ይፈርሳል፤ ቪ ፋይቭ ደግሞ 765 ላይ ምንም አይውጥም።

ስለዚህ ከአንድ ናሙና ሁለት ንባብ ታወጫለሽ። የቀጠነውን መጀመሪያ እንዳለ አንብቢው፤ ያ ቪ ፎር ብቻ ነው። ከዚያ 20 ሚሊሊትር ወደ ትንሽ ቢከር ቀድተሽ ቁንጥር ኦክሳሊክ አሲድ ጨምሪና 70 ዲግሪ አካባቢ ባለ የውኃ ባዝ ውስጥ ቢጫው ጠፍቶ ጥርት ያለ ሰማያዊ እስኪሆን አቆዪው። ኦክሳሊክ ቪ ፋይቭን ወደ ቪ ፎር አውርዶ እዚያ ይቆማል፤ ወደ ቪ ስሪ አይዘልቅም። ሲቀዘቅዝ ቢከሩን በአሲድ እያጠብሽ ወደ 25 ሚሊሊትር ፍላስክ ገልብጠሽ ሙዪ። ለምሳሌ የመጀመሪያው 0.20፣ ሁለተኛው 0.43 ቢሆን፣ 0.43 በ1.25 ሲባዛ 0.54 ነው። ጠቅላላው 1.6 ሞላር አካባቢ፣ ከዚያ ውስጥ 63 በመቶው ቪ ፋይቭ፣ ማለትም የፖዘቲቩ ቻርጅ ያ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ኦክሳሊኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ትኩሱን ኩቬት ውስጥ ከጨመርሽው ግድግዳው ላይ ደቃቅ አረፋ ይለጠፍና ንባቡ ይዘላል።

የኔጋቲቩ ጉዳይ አጭር ነው። ቪ ቱ አየር ሲነካው ሐምራዊው ወዲያው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ቻርጁን ማወቅ ከፈለግሽ በአርጎን ወይም በናይትሮጅን ሥር ካልሆነ አትለኪ። ጠቅላላውን ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው አየሩ አይጎዳሽም። ገና ሳታቀጥኚው በፐርማንጋኔት ጠብታ ሁሉንም ቢጫ አድርጊና በኦክሳሊክ ሁሉንም ወደ ሰማያዊ መልሺ። ገና ያልተነካ ኤሌክትሮላይትም 3.5 (አማካይ የኦክሳይድ ደረጃው) ተብሎ የመጣ ከሆነ ግማሹ ቪ ስሪ ስለሆነ በዚሁ መንገድ ሂጂ፤ በቀጥታ 765 ላይ ካነበብሽ ግማሹ ጠፋኝ ትያለሽ።

ስለ ብርድ ልጨምር። እዚህ ሱሉልታ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ይዞ ነው የምንገባው። አንድ ሰኞ ስታንዳርዱ በድንገት ቀነሰብኝ፤ መስኮት ሥር የነበረውን ጠርሙስ ሳዘነብለው ከሥሩ ስኳር የመሰለ ሰማያዊ ቅንጣት ተጋግሯል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ወፍራሙ ፈሳሽ ጨው ይጥላል። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አቆይቼ እያወዛወዝኩ መለስኩት። ያልቀጠነውን ቢጫ ግን እንዲህ አታሙቂው፤ ከ40 ዲግሪ ካለፈ በተቃራኒው እሱ ይዘቅጣል። ከብርዱ ያመጣሽውን ኩቬትም ውጩ ላይ ላበት ስለሚያዝ ጠርገሽ አስገቢ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግማሽ ሰዓት ሳትጠብቂና ብላንኩን ሳትደግሚ አታንብቢ። ለጊዜው የስታንዳርድሽን ጠርሙስ ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊልን፤ ያንን ካየን ከ1.8ቱ ስንቱ የዱቄቱ ጥፋት እንደሆነ ዛሬውኑ እናወጣዋለን።