ነርቭ ሲጎዳ ጡንቻው ውስጥ ምን ይፈጠራል? ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ነው ምሰራው፣ ስራዬ በኢኤምጂ (ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ አስገብቶ የጡንቻውን ኤሌክትሪክ በስክሪንና በስፒከር በሚያሳይ ምርመራ) ነርቭና ጡንቻ መመርመር ነው። ጥያቄያችሁን ማታ እመልሳለሁ ባልኩት መሰረት ይኸው።

ጥ፦ ነርቩ ከተቆረጠ ጡንቻው በቃ ዝም ይላል አይደል?

መ፦ አይልም ወንድሜ፣ አይታዘዝህም እንጂ ውስጡ እረፍት የለውም። ጤነኛ ጡንቻ ሲያርፍ የሴሉ ውስጥ ከውጪው በ80 እና 90 ሚሊቮልት መሀል ኔጌቲቭ ነው፣ ነርቩ ሲለየው ግን ይሄ ቁጥር ወደ 60 አካባቢ ይወርዳል፣ ጡንቻውን አረጋግቶ የሚይዘው የክሎራይድ መተላለፊያም ይቀንሳል፣ በዛ ላይ ገና ያልበሰለ ጡንቻ ላይ የነበረው አይነት የሶዲየም ቻናል (ሶዲየም ወደ ሴሉ የሚገባበት በር) ተመልሶ ይመጣል። እና እያንዳንዱ የጡንቻ ክር ማንም ሳያዘው በራሱ ጊዜ ይመታል። ከቆዳ ላይ አይታይም፣ መርፌዋን አስገብተህ ስፒከሩን ስትከፍት ግን ጠብ ጠብ ጠብ ይላል፣ ልክ ፒያሳ አሮጌ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲጀምር።

ጥ፦ እናቴ መቀመጫዋ ላይ መርፌ ከተወጋች በኋላ እግሯን ቀና ማድረግ አቃታት፣ በ4ኛው ቀን ተመርምራ ጡንቻው ምንም የለበትም ተባልን።

መ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ግን 4 ቀን ገና ነው። የተቆረጠ ነርቭ እንኳ ታችኛው ክፍሉ ለተወሰኑ ቀናት ማስተላለፉን ይቀጥላል፣ ያ የቆርቆሮ ድምፅ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈልጋል፣ ጡንቻው ከተጎዳው ቦታ ከራቀ ከዛም ይዘገያል። እባክሽ ከ3 ሳምንት በኋላ ይደገምላት፣ በመጀመሪያው ወረቀት ተረጋግታችሁ እንዳትቀመጡ።

ጥ፦ ኦፕራሲዮን አለብኝ፣ እጄ ከወር በፊት ነርቩ ተጎድቷል፣ ለውጥ አለው?

መ፦ በጣም አለው! ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳትነግር እንዳትገባ። አሴቲልኮሊን ተቀባዮች (የነርቩን ኬሚካል መልእክት የሚቀበሉት የጡንቻው ክፍሎች) ነርቩ የሚያርፍባት ቦታ ላይ ብቻ ነበሩ፣ አሁን ጡንቻው ላይ በሙሉ ተበትነዋል፣ ሳክሲኒልኮሊን የሚባለው በማደንዘዣ ጊዜ ጡንቻ የሚያዝል መድሃኒት ከተሰጠህ ፖታሲየም በአንዴ ወደ ደም ይፈስና ልብህን ሊያቆም ይችላል። ሌላ መድሃኒት አለ፣ እነሱ ያውቁታል።

ጥ፦ ጡንቻውን በኤሌክትሪክ ማሸቱስ ይረዳል?

መ፦ ሎሞና ሮዘንታል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1972 የአይጥ ጡንቻ ላይ በቀጥታ ኤሌክትሪክ ሲሰጡ የተበተነው ተቀባይ ተመልሶ ቀንሷል፣ ስለዚህ ሀሳቡ ባዶ አይደለም። ግን ሱቅ ላይ ያሉት ትንንሽ ማሽኖች ምታቸው አጭር ነው፣ አጭር ምት የሚሰራው በነርቭ በኩል ነው፣ ነርቭ ያጣ ጡንቻ ረጅም ምት ይፈልጋል፣ ረጅሙ ምት ደግሞ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ፊዚዮቴራፒስት ሳታማክሩ አትግዙ።

ጥ፦ 7 ወር ሆነኝ፣ ተስፋ ልቁረጥ?

መ፦ አትቁረጪ። ነርቭ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ ከአንድ አመት ከመንፈቅ ካለፈ ነው ጡንቻው ለመቀበል የሚቸገረው፣ ለዛ ነው አሁኑኑ የነርቭ ሰርጀን ይይሽ የምለው። አንድ ጋሼ ነበሩ፣ ለወራት ያ ጠብታ ብቻ ነው የሚሰማው፣ አንድ ቀን ግን "እጅዎን ወደ ላይ ቀና ያድርጉ" ስላቸው አንጓቸው ንቅንቅ ሳይል ስክሪኑ ላይ ትንሽዬ የተቆራረጠች ሞገድ ታየች። ነርቩ ደርሷል። "እንደገና ይሞክሩ ጋሼ" አልኳቸው፣ እንደገና መጣች።