ጎረቤቴ የጉድጓድ ውሃውን ከከተማው ቧንቧ ጋር አገናኝቷል፤ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ከአጥራችን ጋር የሚዋሰነው ግቢ ከዓመት በፊት ለላቫጆ ተከራየ። ተከራዩ ጉድጓድ አስቆፍሮ በዲናሞ ውሃ ያወጣል፤ የከተማው ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ደግሞ እሱን ይጠቀማል። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሳራቺኔስካ (የውሃ መክፈቻና መዝጊያ) አገናኝቷቸዋል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ፈረቃችን ደርሶ ቧንቧ ስንከፍት መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ አረፋ አለው፤ ሳሙናና ናፍጣ ይሸታል። ፈረቃችን ባልሆነ ቀንም የእሱ ዲናሞ ሲነሳ አንዳንዴ በእኛ ቧንቧ ውሃ ይወርዳል። ሁለት ልጆቼ በተቅማጥ ተመላልሰው ታክመዋል። ሰውየውን ብናነጋግረው «በግቢዬ ያለ ቧንቧ ማንንም አይመለከትም፤ ደግሞ የማይመልስ ቫልቭ አለኝ» አለን። ሊያዩልን የመጡ ቴክኒሻኖች ቧንቧውን ከፍተው ንጹሕ ውሃ ስላገኙ ተመለሱ። እኛም ግፊቱ ስለማይበቃን ከቆጣሪው በኋላ ዲናሞ አስገጥመን ወደ ሮቶ እንስባለን። ልከሰው እችላለሁ? ወይስ ፖሊስ ጋ ልሂድ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ለልጆችዎ ምሕረቱን ያውርድላቸው። አዎ፣ መክሰስ ይችላሉ። ነገር ግን ከክሱ በፊት በእርስዎም ግቢ ውስጥ መነቀል ያለበት ነገር አለ። እሱን ሳይነግርዎ ክስ የሚጽፍልዎ ጠበቃ ቢያገኙ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት።

ከጻፉልኝ ውስጥ አንዱን ነገር ደጋግሜ አነበብኩት፤ ፈረቃዎ ባልሆነ ቀን የጎረቤትዎ ዲናሞ ሲነሳ በእርስዎ ቧንቧ ውሃ ይወርዳል ያሉትን። በዚያ ቀን ከለገዳዲም ሆነ ከአቃቂ ጉድጓዶች ወደ ሰፈርዎ የተለቀቀ ውሃ ከሌለ ያ ውሃ ከየት መጣ? የጎረቤትዎ ዲናሞ የጉድጓዱን ውሃ እየገፋ በዚያች ሳራቺኔስካ በኩል ወደ መንገዱ መስመር፣ ከዚያም በእርስዎ ቆጣሪ በኩል እስከ ማድቤትዎ አድርሶታል ማለት ነው። ተጣርቶ ክሎሪን የገባበት የሕዝብ መስመር ውስጥ ማንም ያልመረመረው ውሃ ገብቷል። መስመሩን የሚጋሯችሁ ቤቶችም ሳያውቁ ያንኑ ሲጠጡ ከርመዋል።

የሳሙናውና የናፍጣው ሽታ ግን በሌላ መንገድ የመጣ ይመስለኛል። ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ የሚሄደው ግፊት ከበዛበት ወዳነሰበት ነው፤ ሁልጊዜ ወደፊት ብቻ እንዲሄድ የሚያስገድደው ነገር የለም። ፈረቃው ሲያልቅ መስመሩ እየጎደለ ይሄዳል፤ እየጎደለ ሲሄድም ይስባል። በዚያች ሰዓት ላቫጆው ውስጥ አንድ የውሃ ጎማ ጫፉ አረፋ በሞላው በርሜል ውስጥ እንደተነከረ፣ ቧንቧውም እንደተከፈተ ከቀረ በርሜሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ መስመሩ ይሳባል። በሚቀጥለው ፈረቃ ቀድሞ ቧንቧ የከፈተ ሰው ይቀዳዋል። ቴክኒሻኖቹ ንጹሕ ውሃ ያገኙትም ውሃው ከመጣ ከቆየ በኋላ ስለደረሱ ሊሆን ይችላል፤ የቆሸሸው እስኪደርሱ ታጥቦ ሄዷል።

ይህ በዓለም ላይ የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ወስተር ከተማ በሚገኘው ሆሊ ክሮስ ኮሌጅ ከአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑ 97 ሰዎች 90ዎቹ በጉበት ቫይረስ ተያዙ። ሲጣራ የልምምድ ሜዳው ሣር ማጠጫ ቧንቧዎች ጫፍ ከመሬት ዝቅ ብሎ የተቀበረ ስለነበር ዙሪያው ውሃ ያቁር ነበር፤ በበሽታው የተያዙ የሰፈር ልጆች ደግሞ እዚያ ይጫወቱ ነበር። በከተማው ቃጠሎ ተነስቶ ብዙ ውሃ ሲሳብ የመስመሩ ግፊት ወረደ፤ ያቆረው ውሃም ተጫዋቾቹ ወደሚጠጡበት ቧንቧ ተሳበ። እዚያ ግፊቱ የወረደው በአንድ ቀን አደጋ ነበር። እኛ ጋ በየፈረቃው ይወርዳል።

ጎረቤትዎ የማይመልስ ቫልቭ አለኝ ማለቱን ልብ ይበሉ። ውሃው ወደ ኋላ ሊሄድ እንደሚችል ያውቃል ማለት ነውና በኋላ ይጠቅምዎታል። ቫልቩ ራሱ ግን ዋስትና አይሆንም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የዝገት ቅርፊት መዝጊያው ላይ ከተቀመጠች አይገጥምም፤ ፈትቶ የሚያየው ስለሌለም መበላሸቱ አይታወቅም። አስተማማኙ መንገድ ሁለቱን መስመሮች ጨርሶ መለያየት ነው። ሁለቱንም ውሃ በአንድ ታንከር ካላጠራቀምኩ ካለ የከተማው ቧንቧ ከታንከሩ አፍ በላይ ሆኖ በአየር ላይ ያፍስስ። በቧንቧው ጫፍና ውሃው ሞልቶ ሊደርስበት በሚችለው ልክ መካከል ያለው ክፍተት የቧንቧውን ስፋት እጥፍ መሆን አለበት፤ ቧንቧው ቢቀጥንም ከ25 ሚሊ ሜትር አይነስ። ክፍተቱ ካለ መስመሩ ቢስብ የሚያገኘው አየር ብቻ ነው። ከዚያ ታንከር የወጣ ውሃ ግን መኪና ይጠብበት እንጂ ተመልሶ ከከተማው መስመር ጋር አይገናኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ግቢ ልምጣ። ዲናሞዎ ውሃውን በቀጥታ ከመስመሩ የሚስብ ከሆነ ግፊቱ በደከመበት ሰዓት መስመሩን ይመጥጠዋል። የላቫጆውን በርሜል፣ ወይም በተሰነጠቀ ቧንቧ ዙሪያ የቆመውን ፍሳሽ ወደ መጠጥ ውሃው የሚጎትተው የእርስዎ ዲናሞ ሊሆን ይችላል። ይህን ስል እንደሚከፋዎት አውቃለሁ፤ በዚያ አካባቢ ያለ ዲናሞ የሚኖር ቤት ጥቂት መሆኑንም አውቃለሁ። ግን የጎረቤትዎ ጠበቃ እኔ ብሆን ክርክሬን የምጀምረው ከዚህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2098 ጉዳቱ በከፊል በተበዳዩ ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ተበዳዩ ሙሉ ካሳ እንዳያገኝ ያደርጋል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ዲናሞውን ከመስመሩ ያስነቅሉ። ውሃው በራሱ ግፊት መሬት ላይ ያለ ታንከር ይሙላ፤ ዲናሞው ከዚያ ታንከር ወደ ላይኛው ሮቶ ይግፋ። የቧንቧ ሠራተኛውን ደረሰኝ ቀኑ ተጽፎበት ያስቀምጡት።

«በግቢዬ ያለ ቧንቧ ማንንም አይመለከትም» ለሚለው ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ መልስ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለሀብት (የንብረቱ ባለቤት ማለት ነው) በሀብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን ከሚያውክ ወይም ከሚጎዳ ሥራ እንዲቆጠብ ያስገድደዋል። ባለሀብቱ የተከለከለውን ተከራዩ ሊያደርገው አይችልም። ቁጥር 2028 ደግሞ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዛል። አከራዩንም እንዳይረሱት። ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ተከራይ የዘረጋው ቧንቧ በዚህ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ያከራክራል፤ እኔ ግን ማስጠንቀቂያው ለሁለቱም እንዲደርስ አደርጋለሁ። ቆጣሪው በአከራዩ ስም ከሆነ ውሃዬ ይቆረጥብኛል ብሎ ቀድሞ የሚሯሯጠው እሱ ነው።

ብዙ ሰው አቤቱታውን ከሕገ መንግሥቱ ይጀምራል፤ ስለ ንጹሕ አካባቢ ከሚናገረው አንቀጽ 44 ወይም ስለ ንጹሕ ውሃ ከሚያነሳው አንቀጽ 90። መንግሥትን ለመጠየቅ ጥሩ ናቸው። ጎረቤትን ሲከሱ ግን ዳኛው የሚፈልገው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥሮችና ማስረጃዎን ነው።

ፖሊስ ጋ ስለ መሄድ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 517 የመጠጥ ውሃን ጤና በሚጎዳ ነገር ሆን ብሎ መበከልን ያስቀጣል። እኔ ግን ዛሬ አይሂዱ እላለሁ። ሆን ብሎ ማድረጉን የሚያሳይ ነገር ገና በእጅዎ የለም፤ መዝገቡ ሳይከፈት ቀርቶ ቢመለሱ ደግሞ ሰውየው የልብ ልብ ይሰማዋል። በጽሑፍ ተነግሮት፣ የምርመራ ውጤት ተሰጥቶት፣ ከዚያም ሳራቺኔስካውን እንደከፈተ ከቀጠለ «አላውቅም ነበር» ለማለት ይቸግረዋል። ያን ጊዜ ፖሊስ ጋ ብንሄድ ያምራል።

ማስረጃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁና። ከዓመታት በፊት የያዝኩት ተመሳሳይ ጉዳይ ነበር። ደንበኛዬ የደፈረሰውን ውሃ በሃይላንድ ቀድታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣ ነበር፤ ችሎት ያቀረብነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዳኛው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ አድርገው ተመለከቱት፤ ከዚያ «ማን ቀዳው? መቼ? ጠርሙሱ ከዚህ በፊት ምን ነበረበት?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረንም። ለተሕዋስያን ምርመራ ውሃው የሚቀዳው ላቦራቶሪው በሚሰጠው ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ነው፤ በቅዝቃዜ ተይዞ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ውጤቱ ሲመጣ የሚያዩት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) አለ ወይ የሚለውን ነው፤ አንድም መገኘት የለበትም። በቦታው ላይ የሚለካው ቀሪ ክሎሪን ከ0.2 ሚሊ ግራም በሊትር በታች መውረዱም ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ከሁሉ በላይ ሰዓቱን ይምረጡ፤ ናሙናው ፈረቃው እንደደረሰ ከመጀመሪያው ውሃ፣ ሌላ ደግሞ ፈረቃ ባልሆነ ቀን ዲናሞው ሲነሳ ይቀዳ። ባለሙያና ሁለት የሰፈር ሰዎች ባሉበት ቢሆን፣ በቃለ ጉባኤ ቢያዝ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹ። ቧንቧዎ ክፍት ሆኖ ደረቅ እንደሆነ ይጀምሩ፤ የዲናሞው ድምፅ ሲነሳ ውሃው ሲመጣ ሳያቋርጡ ያንሱት። ቆጣሪውንም ያሳዩ። የልጆችዎን የሕክምና ወረቀት ሲያወጡ የሰገራ ምርመራው ውጤት አብሮ መኖሩን ያረጋግጡ፤ «ተቅማጥ» የሚል ቃል ብቻ ያለበት ወረቀት ሕመሙን ከውሃው ጋር አያገናኝልዎትም።

ከዚህ በኋላ ደብዳቤ ነው። በመጀመሪያ የውሃ ቢልዎን አውጥተው ውልዎ ከማን ጋር እንደሆነ ይመልከቱ፤ የከተማው ዳርቻ ከሸገር ከተማ ጋር ስለሚዋሰን ሰዎች ወደማይመለከተው ቢሮ ሲመላለሱ ይከርማሉ። ቢሉ የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ከሆነ ለቅርንጫፉ ይጻፉ። «ውሃችን ቆሽሿል» ብቻ ብለው አይጻፉ፤ እንዲያ ካሉ የእርስዎን ቧንቧ አይተው ይሄዳሉ። «በአጎራባች ግቢ የጉድጓድ መስመር ከሕዝብ መስመር ጋር ተገናኝቷል፤ ፈረቃ በሌለበት ቀን ተፈትሾ እንዲለያይ» ብለው ይጻፉ። ለጎረቤትዎና ለአከራዩ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የቀን ገደብ ይኑረው፤ አሥር ቀን ይበቃል።

ገደቡ ካለፈ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክስ እናቀርባለን። ከክሱ ጋር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 እና ተከታዮቹ መሠረት ሳራቺኔስካው እስከ ፍርድ ድረስ ተዘግቶ እንዲታሸግ የእግድ አቤቱታ እናያይዛለን። ለእኔ ከካሳው ይልቅ የሚያስቸኩለኝ ይህ ነው። ካሳው በደረሰኝ ልክ ነው፤ የሕክምና፣ የገዙት የታሸገ ውሃ፣ የሮቶ ማሳጠቢያ። የተጨነቁበት ሌሊት ግን በገንዘብ ብዙ አይተመንም፤ ቁጥር 2116 የኅሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በወጣበት ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነበር። በቁጥር 2143 መሠረትም ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሱ መብቱ በይርጋ ይታገዳል።

ሽማግሌ ይሻላል ካሉ አልቃወምም፤ አጥር ለአጥር የምትኖሩ ናችሁ፣ ሰውየውም እንጀራውን ነው የሚጋግረው። ግን «እሺ፣ አስተካክላለሁ» በሚል ቃል ብቻ እንዳትለያዩ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3307 እና ተከታዮቹ መሠረት የተደረገ የግልግል ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ የጸና ነው። ቧንቧው በየትኛው ቀን እንደሚቆረጥ፣ የተቆረጠው ጫፍ በመክደኛ እንደሚዘጋ፣ የጎማዎቹ ጫፍ በርሜል ውስጥ እንደማይነከር፣ ማን ገብቶ እንደሚያይ ይጻፍበት፤ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። ዲናሞዎን ከመስመሩ መንቀልዎንም እርስዎ በዚያው ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

እስከዚያ ድረስ ፈረቃው ሲደርስ የመጀመሪያውን ውሃ ለመጠጥ አይቅዱት፤ የምትጠጡት ይፍላ። ናፍጣ የሚሸተውን ግን ማፍላት አያጠራውምና ይድፉት። ደብዳቤውን ሲያስገቡም ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ሳያስመቱ ከመዝገብ ቤቱ እንዳይወጡ።