ልጃችሁ «ፖፕ ካልቸር ልማር» ካለቻችሁ

እህቴ ከቶሮንቶ ደውላ «ጉድ ፈላ!» አለችኝ። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፖፑላር ካልቸር ልማር ብላለች። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሌሊት ፈረቃ የገባሁት ልጄ ዘፈን እንድትማር ነው?»

እኔም እዚያው ካናዳ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ጭንቀቷ ይገባኛል። ለኛ ለሐበሾች ከሐኪም፣ ከኢንጂነርና ከነርስ ውጪ ያለው ሁሉ ትምህርት አይመስለንም።

ዘፈን መማር ግን አይደለም። ዘፈኑን ማን እንደሚሠራው፣ ማን እንደሚሸጠው፣ ሰው ለምን እንደሚወደው ማጥናት ነው። አዲስ ነገርም አይደለም። የእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ማዕከሉን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አሜሪካ ኦሃዮ ያለው ቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1973 ራሱን የቻለ የፖፑላር ካልቸር ትምህርት ክፍል አቋቁሟል። ከኛው ምሳሌ ከፈለጋችሁ አምሃ እሸቴ አለላችሁ። ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ደፍሮ በግሉ ማሳተም ጀመረ። ይሄ ሕግ ነው፣ ንግድ ነው፣ ሙዚቃም ነው።

ለእህቴ ያልኳት አንድ ነገር ነው። አትከልክያት፣ ግን ኮኦፕ እንዳለው ጠይቂ። (ይሄን ለጎረቤቴ ሳወራላት «የቱ? ባንኩ?» አለችኝ።)

ኮኦፕ ማለት አንድ ዙር ክፍል፣ አንድ ዙር ሥራ ነው። ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1906 ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የጀመረው ነገር ነው። ካናዳ ውስጥ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ጀምሮ ስሙን የተከለበት። የሥራው ዙር አብዛኛውን ጊዜ አራት ወር ነው፤ ደመወዝም አለው። ግን አትሳሳቱ፤ ዩኒቨርሲቲው ሥራ በእጅ አያስጨብጥም። ልጅቷ ራሷ ሲቪ ትጽፋለች፣ ራሷ ኢንተርቪው ትገባለች። የኮኦፕ ክፍያ ለብቻው ይጠየቃል። አራት ዓመት ያላችሁት ዲግሪ አምስት ሊሆን ይችላል። ባህል ለሚያጠና ልጅ ደግሞ እንደ ኢንጂነሩ ሥራ ተደርድሮ አይጠብቅም። ሙዚየም፣ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ፌስቲቫል፣ የማዘጋጃ ቤት የባህል ክፍል ማንኳኳት አለባት። ቀድማ ያላንኳኳች ቤቷ ትቀመጣለች።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ዙር ሲደርስ «እኔ ጋ ላኪያት፣ ስቱዲዮ ያለው ጓደኛ አለኝ» አልኩ። በሐበሻ ደንብ በስልክ ጨረስን። ልጅቷ በቱሪስት ቪዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲዋ የሥራ መደቡን፣ የኃላፊውን ስም፣ የሚከፈላትን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመጀመሯ በፊት ይፈልግ ነበር። እኛ የላክነው ሥራ ከጀመረች በኋላ ነው። አልተቀበሉትም። በዚያ ላይ ቱሪስት መሥራት አይችልም። አራት ወር ሙሉ ጭቃ ስትረግጥ ከርማ ባዶ እጇን ተመለሰች። እህቴ ለሁለት ወር ስልኬን አላነሳችም።

በዓመቱ በአግባቡ አደረግነው። ደብዳቤው በጥር ተላከ። ሥራው ግንቦት ቢጀምርም ወረቀቱ ከየቢሮው እስኪመለስ ጊዜ ይበላል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያም አወጣን፤ ቢጫ ካርድ የምንለውን። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ካርዱን የያዘ ሰው ቪዛም የሥራ ፈቃድም አይጠየቅም። እዚያ የተወለዱ ልጆቻችሁን ለሥራ ልትልኩ ካሰባችሁ ከትኬቱ በፊት እሱን ጨርሱ።

ከአገር ቤት አስመጥታችሁ አሜሪካ የምታስተምሩት የወንድም ልጅ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እዚያ ተማሪው ገና እየተማረ የሚሠራው ሲፒቲ በሚባለው ፈቃድ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ቤቱ አይ-20 በሚባለው የተማሪነት ወረቀቱ ላይ ሊጽፍለት ይገባል። በሲፒቲ ሙሉ ሰዓት 12 ወር ከሠራ ከምረቃ በኋላ የሚያገኘው ኦፒቲ የሚባለው የሥራ ፈቃድ ይቀርበታል። ሁለተኛውን ኮኦፕ ከመፈረሙ በፊት ወሩን ቁጠሩለት።

ልጅቷ ሁለተኛ ስትመጣ አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ ጋ ነው የገባችው። የካናዳ በጋ የኛ ክረምት መሆኑ ጠቀማት፤ ቡሄ እዚሁ አገኛት። ዋዜማውን መቅረጫዋን ይዛ ደረጃው ላይ ቆመች። የኛ ብሎክ ጂ ፕላስ ፎር ነው፣ ሊፍት የለውም። ልጆቹ ዱላቸውን ሲሚንቶው ላይ እየመቱ ከምድር ጀምረው ወጡ። «ሆያ ሆዬ ጉዴ፣ ብሯን ብሯን ይላል ሆዴ።» ጎረቤቴ ሙልሙል ይዛ ወጣች። አውራጁ ሙልሙሉን አየው፣ እሷን አየ። «እትዬ፣ ቴሌብርም ይቻላል» አላት። የወንድሙን ቁጥር በቃሉ ይዞታል። እሷ ስቃ 20 ብር ጨመረችለት። ሙልሙሉን እዚያው ደረጃው ላይ ተቀራመቱት፣ ብሩ ግን ወደ ኋላ ወደ አንድ ልጅ ተቀባበለ።

አሠሪዋ ቅጂውን ሁለት ጊዜ አዳመጠና «ገንዘብ ያዡ ማነው? እሱን አናግሪው» አላት። በማግስቱ ብሎክ ለብሎክ ስትፈልገው ዋለች። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ደብተር አለው፤ የየፎቁ ገቢ ተጽፎበታል።