ዛጎሉ ለምን ይረግፍብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ ነው። እህቴ ከጅቡቲ ስትመለስ ከባሕሩ ዳር የለቀመቻቸውን ዛጎሎች አመጣችልኝና ባሕር የሚመስል የግድግዳ ጨርቅ ጀመርኩ። ሰማያዊ ፖሊስተር ላይ በሙጫ ለጠፍኳቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ መርገፍ ያዙ። ጠንካራ ሙጫ የትኛው ነው? ዛጎሉም እያለቀብኝ ስለሆነ ከሐይቃችን ዳር የሚለቀም ነገር ይሆነኛል ወይ? (የእጅ ሥራ ወዳድ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሙጫውን ተዪው። ጨርቅ ይታጠፋል፣ ይሳባል፤ ዛጎል ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ የፈለግሽውን ሙጫ ብትገዢ መሐል ላይ መላቀቁ አይቀርም። አንቀልባ ላይ ያለውን ዛጎል አይተሽ ታውቂያለሽ? ጉብ ያለው ጀርባው ተፍቆ ይከፈታል፤ ክሩ በዚያ ገብቶ ጥርስ ባለው ስንጥቁ በኩል ይወጣና ቆዳው ላይ ይታሰራል። ልጅ ታዝሎበት፣ ገበያ ተኪዶበት፣ ለታናሽ ተላልፎም አይረግፍም። ያንቺንም እንደዚያው በሻካራ ድንጋይ ላይ ውሃ እያደረግሽ ፈቅፍቂው። አቧራው ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ በደረቁ አትፈቅፍቂ።

የሐይቁ ነገር ይሆናል፤ እኔማ ከጅቡቲው አስበልጬ እወደዋለሁ። የባሕር ዛጎል ግን አትጠብቂበት። የሐይቃችን ቀንድ አውጣ ቅርፊቱ ስስ ስለሆነ መርፌ ሲነካው ይፈረካከሳል። እሱን አትብሺው። ከላዩ ቁራጭ የዓሣ መረብ አልብሺና ዙሪያውን ስፊው፤ መረቡ ይዞት ይቀመጣል። ቀዳዳ የበዛበትን፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ቀላል ድንጋይም እንዲሁ። መረቡን አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት ጠዋት መረብ የሚጠግኑትን ዓሣ አጥማጆች ጠይቂ፤ የተበጣጠሰውን አይነፍጉሽም። በኦሞ ዘፍዝፈሽ ፀሐይ ላይ ካዋልሽው ሽታው ይለቃል። ናይለን ነውና ካውያ እንዳታስነኪው።

እዚያው ሳለሽ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ሳትይዢ አትመለሺ። ዓሣው ሲፋቅ መሬት ላይ ተከምሮ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የሚረግጠው ያ ቅርፊት ታጥቦ ብርሃን ሲያርፍበት እንዴት እንደሚያብረቀርቅ ብታዪ! ዘዴው መቸኮል ላይ ነው። በጨውና በሳሙና ደጋግመሽ እጠቢና ገና እርጥብ ሳለ ጠርዙን በቀጭን መርፌ ብሺው። ከደረቀ በኋላ ይሰነጠቃል። ከዚያ በሁለት ጨርቅ መሐል ዘርግተሽ ከባድ ነገር ጫኚበት፤ ዝም ብለሽ ከተውሽው ይጠቀለላል። ሲደርቅ አንዱ የሌላውን ጫፍ እንዲሸፍን አድርገሽ ከታች ወደ ላይ በረድፍ ስፊው። ማዕበል መሥራት ከፈለግሽ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የተሰበረ ጠርሙስ ግን አታንሺ። በባሕር ጠረፍ የሚገኘው ለስላሳ ብርጭቆ ለብዙ ዓመት በማዕበልና በአሸዋ የታሸ ነው፤ የእኛ ሐይቅ ያን ያህል ጉልበት የለውም፣ ጠርዙ እጅሽን ይቆርጥሻል። የላስቲክ ክዳንና የሲባጎ ቁራጭ ግን ልቀሚ። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚያስገባው ነገር፣ ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው፣ እዚያው ይቀራል። የተጣለ መረብም ወፍ ያጠምዳል። ለሥራሽ ባይሆንሽ እንኳ አንሺው።

ስለ ጨርቁ ልናገር፤ ሰማያዊ ፖሊስተሩን አልወደድኩትም። ሐይቁን ጠዋት ሄደሽ እይው፤ ግራጫ ነው፣ ወደ ታቦር ተራራ በኩል ደግሞ ወተት የመሰለ ጭጋግ አለው። ያረጀ ነጠላ ፈልጊ። ስስ ስለሆነ ሁለቱን ድርብ ለያይተሽ መሐላቸው የሻይ ቀለም የነካው አቡጀዲ ብታስገቢ ጥልቀት ይሰጥሻል። የአሸዋና የድንጋይ ቀለም ከፈለግሽ አቡጀዲውን በአቼቶ አርሰሽ የዛገ ምስማር ጠቅልይበትና ፌስታል ውስጥ አሳድሪው። ዝገቱ በደንብ ያትማል፤ ሻይ የነካው ቦታ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይጠቁራል። በኋላ አጥብቀሽ እጠቢ፤ አቼቶና ዝገት የቀረበት ጥጥ ውሎ አድሮ ይሳሳል።

ክር ሲሆን ደግሞ ቃጫ አትርሺ፤ ከእንሰቱ ሲፋቅ የሚወጣው ያ ጠንካራ ክር ደንገልና ቄጠማ ለማሰር የሚያህለው የለም። ደንገሉን ውሃ ውስጥ አለስልሺው፣ ጨርቁ ላይ አጋድሚው፣ በቃጫ እየተሻገርሽ እሰሪው።

ስትለቅሚ ከደረቁ ዳር ብቻ ይሁን። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በሐይቁ ውስጥ አለ፤ ጥገኛው በጤነኛ ቆዳም ሰርስሮ ይገባል። ለአንድ ቅርፊት ብለሽ በባዶ እግርሽ ውሃው ውስጥ አትግቢ።