በአራስ ልጄ ልብ ዙሪያ መግል ለምን ቋጠረ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ በ16ኛ ቀኗ ጡት አልይዝ አለች፣ አተኮሳትም። ሆስፒታል ስንደርስ ልቧ ዙሪያ መግል ተገኝቶ በቱቦ ተቀዳላት። አሁን በደም ሥር መድኃኒት እየወሰደች ነው። ከምን መጣ? ያጎደልኩት ነገር ይኖር ይሆን? ወደፊትስ ልቧ ይጎዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በጊዜ ደረሳችሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ይህ ሕመም በአራስ ላይ እምብዛም አይታይም። ብዙ ጊዜ መነሻው ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይም ይኖራል። ከሳንባ ምች፣ ከእትብት ወይም ከአጥንት ኢንፌክሽን ተነስቶ በደም አድርጎ ልብን ወደሚሸፍነው ስስ ከረጢት ሊገባ ይችላል። የአራስ ሰውነት የመከላከል አቅሙ ገና ስላልጠነከረ ቶሎ ይረታል።

ቱቦው ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቁኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። መግሉ ልብን ከውጭ ሲጫነው ልብ ደም መሙላት ያቅተዋል፣ የደም ግፊትም ይወርዳል። በፍጥነት ከተጠራቀመ በአራስ ላይ ጥቂቱም ይበቃል። አንቲባዮቲክ ብቻውን የተቋጠረ መግል አያጠራም፤ የተቀዳው መግል ደግሞ በካልቸር ምርመራ (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ በማየት) የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ያሳያል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ትኩሳቱ ስለለቀቃት ብቻ «ይቁምላት» እንዳይሉ አደራ።

ጡት አልይዝ ማለቷን ችላ አለማለትዎ ትልቅ ነገር ነው። አራስ ልጅ ደረቴን አመመኝ አይልም። ጠባ ጠባ አድርጎ ይተዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ እያቃሰተ ይደክማል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ትኩሳት ላይኖረውም ይችላል፤ እንዲያውም ገላው ከመጠን በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ወደፊትን በተመለከተ፣ በጊዜ የታከሙ ብዙ ሕፃናት ልባቸው ደህና ሆኖ ያድጋሉ። የእኔ ስጋት ሌላ ነው፤ አልፎ አልፎ ልብን የሚሸፍነው ከረጢት ይወፍርና ይደርቃል፣ ይህም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት የካልቸሩን ውጤትና ቀጣዩ የልብ አልትራሳውንድ መቼ እንደሆነ ሐኪሟን ይጠይቁ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ሆዷ ከተነፋ፣ ፊቷ ወይም እግሯ ካበጠ፣ ክብደት መጨመር ካቆመች ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷት። ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም መጥባት ከተወች ግን በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷት።