«ኢንሹራንስ አላት» ብለውን ነበር

በዚህ ዓምድ የአንባቢያንን ጥያቄ የምትመልሰው ጂዳ ውስጥ በነርስነት ሠርታ ወደ ጎንደር የተመለሰች ባለሙያ ናት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምኖረው አዘዞ ነው፤ ደብዳቤውን የሚጽፍልኝ ትንሹ ልጄ ነው። ትልቋ ልጄ በኮንትራት ጂዳ ሄዳ በሰው ቤት ትሠራለች። በቤቱ ያለችው ሠራተኛ እሷ ብቻ ናት። ከፋሲካ ወዲህ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቷ ሥር እየተነሣ የሚያሰቃያት ሕመም አለ። ቅባት የበዛበት ምግብ የበላች ቀን ሌሊቱን ሙሉ አትተኛም። ማዳሟ ፓናዶል ትሰጣታለች እንጂ ሐኪም ቤት አልወሰደቻትም። ኤጀንሲውን ስንጠይቅ «ኢንሹራንስ አላት፣ አታስቡ» ይሉናል። ልጄ ደግሞ «ካርድም ወረቀትም አይቼ አላውቅም» ትላለች። ሳዑዲ ለቤት ሠራተኞች የጤና መድን ጀመረች ሲባልም ሰምተናል። የማንን እንመን? ትምጣልኝ ወይስ ትቆይ?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እናቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ሕመሟ እናውራ፤ ሕጉ ትንሽ ይቆየን። የጻፉልኝ ምልክት የሐሞት ጠጠርን ይመስላል። ሳላያት ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ በአልትራሳውንድ ግን በጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነገር ነው። ፓናዶል ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሰው ይሆናል፤ ጠጠሩን ግን ከቦታው አያነሣውም። ዛሬ ስትደውል እነዚህን ይጠይቋት፦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይላታል? የዓይኗ ነጭ ክፍል ቢጫ ሆኗል? ሽንቷ ጠቁሯል? በተደጋጋሚ ያስመልሳታል? ሕመሙ አንዴ ከጀመራት ለሰዓታት አልለቅ ይላታል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት።

በሳዑዲ 997 የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ነው፤ 937 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር ነው። ሁለቱንም ስልኳ ላይ ትመዝግብ። የግል ሆስፒታሎችም ቢሆኑ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ ሲመጣባቸው መጀመሪያ ክፈል ብለው መመለስ በሕጉ አይፈቀድላቸውም። ይህን የማያውቁ ብዙ እህቶቻችን ገንዘብ የለኝም ብለው ማድ ቤት ውስጥ ሆዳቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ። የኤጀንሲው ሰዎች ዋሽተው ላይሆን ይችላል፤ የሚናገሩት ግን እርስዎ ስለጠየቁት ኢንሹራንስ አይደለም። ሳዑዲ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ፣ ሙሳነድ በሚባለው የመንግሥት የቅጥር ሥርዓት በኩል አዲስ የሚፈረም የቤት ሠራተኛ ውል መድን እንዲገባለት ግዴታ ሆኗል። ያ መድን የሚጠብቀው ውሉን ነው። ሠራተኛዋ ብትሞት ወይም ሥራዋን ጥላ ብትጠፋ አሠሪው ላወጣው ገንዘብ ይካሳል፤ እሷም በአደጋ ለዘለቄታው አካሏ ቢጎድል ካሳ ታገኛለች። ሆዷን ለማስመርመር ግን አይሆናትም። ልጅዎ ካርድ አላየሁም ማለቷ ስለዚህ አያስገርምም።

ሁለተኛው፣ እርስዎ የሰሙት የጤና መድን፣ ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። እሱም እውነት ነው። ነገር ግን ግዴታው የተጣለው በስሙ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ባስመዘገበ አሠሪ ላይ ነው። አምስት ሠራተኛ የሚያስተዳድር ባለጸጋ ይገባበታል፤ አንዲት ልጅ ቀጥሮ ልብሱንም፣ ማድ ቤቱንም፣ ሕፃናቱንም፣ አሮጊቷንም በእሷ ላይ የጣለ ቤት አይገባበትም። የእርስዎ ልጅ ያለችው እንዲህ ያለ ቤት ነው፤ እኔ ጂዳ ሳለሁ ያገኘኋቸው የጎንደር፣ የወሎና የጎጃም ልጆችም አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነበሩ።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ሳዑዲ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የጤና መድን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2021 የውጭ አገር ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይርና ከአገር እንዲወጣ የሚያስችል ማሻሻያ ሲመጣ፣ የቤት ሠራተኞች ከዝርዝሩ ውጪ ሆኑ። ሆስፒታሎቹን በየአካባቢው እያሰባሰበ የሚያስተዳድር መንግሥታዊ ኩባንያ ተቋቁሟል፤ ሕክምናውም በጣም ተሻሽሏል፤ ይህን የምናገረው በዓይኔ አይቼ ነው። ሆኖም ማሻሻያው ሁሉ የሚጀምረው ከድርጅት ነው፤ ብቻዋን የምትሠራዋ ልጅ ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። ይህችው ልጅ ከአገሯ ስትወጣ ግን ማንም አልረሳትም። ደሟና ደረቷ ተመርምሯል፤ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ እርግዝና አንድ ሳይቀር ታይቷል። እዚያ ስትደርስም ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ እንደገና ተመርምራለች። ለአሠሪው ቤት ሲባል ያን ያህል የተመረመረች ልጅ ለራሷ ስትታመም አልትራሳውንድ የሚያነሣላት ትጣ?

የሠራሁበት የግል ሆስፒታል መግቢያ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ኢቃማ ነበር። የእንግዳ ተቀባዩ ጣት ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል፤ የመድን ድርጅቱ ስምና የሽፋኑ ደረጃ ይወጣል። የድርጅት ሹፌር ከሆነ ወዲያው ወደ ውስጥ ይገባል። የቤት ሠራተኛ ስትሆን ኮምፒውተሩ ምንም አያወጣም። ያን ጊዜ ልጅቱ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ማዳም ደግሞ በር አጠገብ ቆማ ለባሏ ትደውላለች። አንድ ምሽት የደምቢያ ልጅ እንዲህ ተቀምጣ አገኘኋት። ስሟን ስጠይቃት አማርኛ በመስማቷ ብቻ እንባዋ መጣ። ሕመሟን በአረብኛ ለማዳሟ ስነግራት «መርፌ ወግታችሁ መልሱልኝ፣ ነገ እንግዳ አለብኝ» አለችኝ። ሴትዮዋን ክፉ ናት ብዬ አልፈርድባትም፤ የፈራችው ሂሳቡን ነበር። ሠራተኛቸውን አስተኝተው፣ ቀዶ ሕክምናዋን ከኪሳቸው ከፍለው፣ ሾርባ ይዘው የሚጠይቁ ቤተሰቦችንም አውቃለሁ። የአንድ ሰው ጤና በአሠሪዋ ደግነት ላይ መንጠልጠሉ ነው የማልቀበለው።

ሌላም አይቻለሁ። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢት መጨረሻ፣ ንጉሥ ሰልማን ኢቃማ የሌለውም ጭምር በነጻ እንዲታከም አዘዙ። ኢቃማ ሳይጠየቅ የገባ ሰው አልጋ ሲይዝ ተመልክቻለሁ። መንግሥቱ ከፈለገ እንደሚችል ስለማውቅ ነው ለቤት ሠራተኞች የሚሰጠውን «ቀስ በቀስ ይደርሳቸዋል» የሚል መልስ የማልቀበለው።

እና አሁን ምን ያድርጉ? ልጅዎ የኢቃማዋንና የውሏን ፎቶ ትላክልዎት። በአገሩ የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት ሠራተኛዋ የጤና እንክብካቤ የማግኘትና በሐኪም ማስረጃ የሕመም ፈቃድ የመውሰድ መብት አላት። የአሠሪዋ ስም በመድን ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩ ይህን መብት አያጠፋውም። ኤጀንሲውን ከእንግዲህ በቃል አይጠይቁ። «የጤና መድን ነው ወይስ የውል መድን? የካርዱ ቁጥር ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ግልባጩንም ለከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አስገቡ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነት ተጠያቂ ነው፤ ይህን አዋጅ በደብዳቤው ላይ ጥቀሱት። ጂዳ ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን አለ፤ ስሟንና ያለችበትን አድራሻ አስመዝግቡ።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፤ ተናድዳ ከቤቱ እንድትጠፋ ማንም አይምከራት። አሠሪው ጠፋች ብሎ ካስመዘገባት፣ እነሱ ሁሩብ የሚሉት ነው፣ ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ሆስፒታል በር ላይ ሕመሟን ብቻ ሳይሆን ፖሊስንም ትፈራለች። ዘግይተው ከመጡብን ሕመምተኞች መካከል ብዙዎቹ እንዲህ የተደበቁ ነበሩ።

ትምጣ ወይ ላሉኝ፣ ሕመሙ አጣዳፊ ከሆነ እዚያው ትታከም፤ በሕመም ላይ አውሮፕላን መሳፈር አይገባትም። ፋታ የሚሰጥ ከሆነና አሠሪዋ የመውጫና መመለሻ ቪዛ ካወጣላት ግን መጥታ ብትታከም አልጠላም፤ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ይሠራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ፣ ልጅዎ ዐሥራ ስምንት ዓመት ስላለፋት ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎ መመዝገብ ይኖርባታል። ከዚያም በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ አይሂዱ፤ ከአዘዞ ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ሳይዙ ከሄዱ ከኪስዎ ያስከፍልዎታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኩዌት ውስጥ በአንድ የጽዳት ኩባንያ ይሠራል። የስኳር ሕመም አለበት። «ጃበር የሚባል ትልቅ ሆስፒታል አለ፣ ለእኛ ግን አይደለም» ይለኛል፤ መድኃኒትም ውድ ነው ይላል። መድኃኒቱን ከዚህ ልላክለት?
ከቀበሌ 18

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ እውነቱን ነው። ጃበር አል አሕመድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሲከፈት ለኩዌት ዜጎች ብቻ ተብሎ ነበር። ከዚያ በፊት በ2013 ጀህራ ሆስፒታል ላይ ጠዋቱን ለዜጎች፣ ከሰዓቱን ለውጭ አገር ሰዎች የመደበ አሠራር ተሞክሯል። በዲሴምበር 2022 ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች ለመድኃኒት በጤና ጣቢያና በድንገተኛ ክፍል 5 ዲናር፣ በስፔሻሊስት ክሊኒክ 10 ዲናር እንዲከፍሉ ተወሰነ፤ ይህም ከካርድ ክፍያው ሌላ ነው። ለጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ ይህ ከባድ ገንዘብ ነው፤ በዚህም ምክንያት ክኒናቸውን ቀን እየዘለሉ የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ባለቤትሽ እንዲህ እንዳያደርግ ንገሪው፤ መድኃኒቱ ሲዘለል ስኳሩ ኩላሊትንና ዓይንን ነው የሚበላው።

በቅርቡ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ሐኪሙ የሚፈቀደውን ያህል ረጅም ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲያዝለት ይጠይቅ፤ እንዲህ ሲሆን ክፍያው ይቀንስለታል። ክኒን በሰው መላክ ካለብሽ ከነማሸጊያው፣ በስሙ ከተጻፈ የሐኪም ማዘዣ ጋር ይሁን፤ በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ሰውን ያሳስራል። ኢንሱሊን ግን አትላኪ፤ ሙቀት ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ለመሄድ ሂደት ላይ ነኝ። ደላላው የጤና ኢንሹራንስ 320 ድርሃም ከደመወዝሽ ይቆረጣል አለኝ። እውነት ነው?
ከማራኪ

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። 320 ድርሃም ትክክለኛው የዓመት ዋጋ ነው፤ የሚከፍለው ግን አሠሪሽ ነው። አቡ ዳቢና ዱባይ ቀደም ብለው በየራሳቸው ሕግ የጤና መድንን ግዴታ አድርገዋል። ሻርጃ፣ አጅማን፣ ኡም አል ቁወይን፣ ራስ አል ኸይማና ፉጀይራ የገቡት ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ነው፤ የቤት ሠራተኞችንም ይጨምራል። አሠሪው ካልከፈለ የመኖሪያ ፈቃድሽ አይወጣም፣ አይታደስም። አንድ ሠራተኛ ብቻ የቀጠረም ቢሆን አያመልጥም፤ በዚህ በኩል ከሳዑዲው ይሻላል።

መድኑ ግን ሁሉንም አይከፍልም። ተመላልሰሽ ስትታከሚ ከሂሳቡ 25 በመቶው፣ ከመድኃኒቱ ደግሞ 30 በመቶው በታካሚው ላይ ይቀራል። ያን ድርሻ አሠሪው እንደሚከፍል ከመፈረምሽ በፊት በውሉ ላይ አስጽፊ፤ የተፈረመውንም ፎቶ አንስተሽ እናትሽ ስልክ ላይ አስቀምጪ። ደላላውን ደግሞ 320 ድርሃሙን በደረሰኝ እንዲጠይቅሽ ንገሪው፤ ደረሰኝ አይሰጥሽም።